በግራ ጆሮዬ የገባው ንግግር

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ከእናቴ ጋር በቀበሌ ቤት ስንኖር፣ በአጥር የሚዋሰኑን ጎረቤታችን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ሥነ ልቦና ያስተምራሉ ይባል ነበር። ሥነ ልቦና ምን እንደሆነ በሰፈሩ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ስላልነበረ አንዱ የእብድ ሐኪም ናቸው ይላል፣ ሌላው ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ያገናኘዋል። እናቴ ራስ ምታቷ በተነሳባት ቁጥር እሳቸውን ልታማክር ታስብና፣ "የእሳቸው ሥራ ልቦና ነው እንጂ ራስ አይደለም" ብላ ትተወዋለች።

እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሲዊችቦርዱ ፊት እቀመጣለሁ፤ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ወደየክፍሉ አገናኛለሁ። አንዱን "ይጠብቁ" ስል የሌላው መብራት ይበራል፣ እሱን ሳነሳ ከጀርባዬ ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ መስመር ይጠይቀኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ በር ላይ አገኙኝና ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሥራ ላይ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያናግርሽ ማንን ትሰሚያለሽ?" አሉኝ።

"ሁለቱንም ነዋ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ስጠየቅ ነው እርግጠኛ አለመሆኔን ያወቅሁት። "ይመስለኛል" አልኩ።

"በይ ነገ ከሰዓት ብቅ በይ። ሻይ ትጠጫለሽ፣ አንድ ነገር ታዳምጫለሽ፣ ሌላ ምንም የለውም።"

እናቴ ነገሩን ስነግራት ደስ አላላትም። "ሰው ቤት ሄዶ ጆሮን ማስያዝ ምን ማለት ነው?" አለች። ቢሆንም ባለቤታቸውን ትወዳቸው ስለነበር አልከለከለችኝም። ባለቤታቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ፣ ከአጥር ወዲህ ሆነው ሲናገሩ ከአጥር ወዲያ ቃል በቃል የሚሰማ።

በማግስቱ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መምህሩ ሁለት አሮጌ ማዳመጫዎችን ፈታትተው አንድ አዲስ ሠርተዋል፤ የቀኙ ጆሮ ሽቦ ወደ አንዱ ቴፕ፣ የግራው ወደ ሌላው ይሄዳል።

"በቀኝ ጆሮሽ የባለቤቴን የእትዬን ድምፅ ትሰሚያለሽ" አሉኝ። "አንድ ታሪክ ያነባሉ። አንቺ ሥራሽ የሚሉትን እግር በእግር እየተከተልሽ ጮክ ብለሽ መድገም ነው። በግራሽ ስለሚመጣው አትጨነቂ።"

ጀመርን። ባለቤታቸው በቀኜ ከወሎ ተነስቶ በበቅሎ ጨው ስለሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ያነባሉ። ታሪኩን መምህሩ ራሳቸው ነበሩ የጻፉት፤ ብዙ የሚጥም ነገር አልነበረውም። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እደግማለሁ። መጀመሪያ ላይ ምላሴ ይተሳሰር ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን እጅ በእጅ እንደመያዝ ሆነ። በቅሎዋ ወንዝ ስትሻገር፣ ጨው ሲረጥብ፣ ነጋዴው ሲያዝን ሁሉንም ደገምኩ። መሀል ላይ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ደንግጬ ቀና አልኩ። መምህሩ ጎንበስ ብለው ይጽፋሉ፣ ባለቤታቸው ጓዳ ናቸው። ነጋዴው አመለጠኝ፤ እንደገና እስክደርስበት ጥቂት ቆየሁ።

ሲያበቃ ማዳመጫውን አወለቁልኝና፣ "በግራ ጆሮሽ ምን ሰማሽ?" አሉ።

"ወንድ ነው የሚናገረው።"

"ምን ይላል?"

አሰብኩ። ድምፁ ጆሮዬ ላይ አሁንም ያለ ይመስለኛል፣ ቃል ግን አንድም የለም። "ልብ አላልኩትም ጋሼ። ስሜን ብቻ ሰማሁ።"

መምህሩ ፊታቸው በራ። ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ከጻፉ በኋላ ቀና ብለው፣ "'ልብ አላልኩትም' ነው ያልሽው?" አሉ። "አዎ" ስል እሱንም ጨመሩበት። እኛ መጽሐፍ ላይ ትኩረት እንላለን፣ ሰው ግን ልብ ማለት ነው የሚለው፣ ልብ ደግሞ የት ነው ያለው፣ እያሉ ለብቻቸው አጉረመረሙ።

"ግን ምን ነበር የሚናገረው?" ስል ጠየቅሁ።

"የክበቡ ንግግር ነው።"

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን እንሰበሰብና በተሰጠን ርዕስ እንወያያለን። የዚያን ሰሞን የአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ረጅም ንግግር በካሴት ተቀድቶ ለየመሥሪያ ቤቱ ታድሎ ነበር። መምህሩ በክፍላቸው የክበቡ ካሴት ያዥ ነበሩ። ባዶ ካሴት እንደልብ አይገኝም፤ የወንድ ድምፅ ፈለጉ፣ እጃቸው ላይ የነበረውን ተጠቀሙ። ክፋትም ተንኮልም አልነበረበትም።

"ስሜንስ ማን ጠራው?"

"እኔ ነኛ። መሀሉ ላይ ቀዳሁበት።"

"ንግግሩ ላይ?"

"ለአንድ አፍታ ብቻ" አሉ።

ያኔ ነው ምን እንደተሠራ ሁለታችንም የገባን። የባለሥልጣኑን ንግግር አቋርጠው የአንዲት ኦፕሬተር ስም አስገብተውበታል። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ ይህን ሰሙና ትሪውን አስቀምጠው ባላቸውን አዩአቸው። 

ሻዩን እየጠጣን መምህሩ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅም ሊያስረዱኝ ሞከሩ። ይመስለኛል እኔን ሳይሆን ሚስታቸውን ነበር የሚያስረዱት። ድሮ፣ አሉ፣ የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ሰውን ቁጭ ያደርጉና ውስጥህን ተመልክተህ የምታየውን ንገረን ይሉት ነበር። የአንዱ ከሌላው አልገጥም አለ። ከዚያ ሌሎች ተነሱና የማይታየውን ተዉት፣ የሚታየውን ድርጊት ብቻ እንቁጠር አሉ። አይጥና ውሻ እያሠለጠኑ ብዙ ዓመት አለፈ፤ አእምሮ የሚለውን ቃል ማንሳት እንኳ ነውር ሆነ። ቀጥሎ ትልቁ ጦርነት መጣ። ከመሬት ሆነው አውሮፕላን የሚመሩ ሰዎች በአንድ ማዳመጫ ሦስት አራት ፓይለት ሲያናግራቸው ግራ እየተጋቡ አስቸገሩ። ያን ጊዜ ሰው ስንት ድምፅ መስማት ይችላል የሚል ጥያቄ ቀረበ፤ ለዚህ ደግሞ አይጥ መልስ የላትም። የስልክ መሐንዲሶች ገቡበት፣ ኮምፒዩተር የሚባለውን የሒሳብ መኪና የሚሠሩ ገቡበት፣ ተመልሶ አእምሮ የሚለው ቃል መጣ። አሁን ሰው ውስጥ የሚቀበል፣ የሚመርጥ፣ የሚያስቀምጥ አንድ ነገር አለ ይላሉ።

በዚህ መሀል ከኤርፖርት የተነሳ አውሮፕላን በላያችን አለፈና ንግግራቸው ተቋረጠ። ጸጥ ሲል፣ "እንደ ሲዊችቦርድ ማለት ነው?" አልኩ።

"በጣም ጥሩ። እንደሱ ያሉም ነበሩ።"

"ሲዊችቦርድ ግን እኔ ካልተቀመጥኩበት ምንም አይሠራም። ውስጤ የተቀመጠችው ማን ናት?"

መምህሩ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ስኳር ጨመሩ፣ አማሰሉ። "ይሄን ጥያቄ እኔም ተማሪ ሆኜ ጠይቄዋለሁ" አሉ። መልሱ ምን እንደተባለ ግን አልነገሩኝም። እኔ ደግሞ ጠይቄ ያልተመለሰልኝን ነገር ደግሜ መጠየቅ አልወድም። ቃሉ ካልገባኝ ስሜ እንዴት ገባ? ስሜ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ መሰማት የለበትም ወይ? ካልተሰማስ ማን ለይቶ አሳለፈው? ይህን እያሰብኩ ወደ ቤቴ ገባሁ፣ እናቴ ምን እንዳደረጉኝ ስትጠይቀኝ "ሻይ ጠጣሁ" አልኳት።

ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ሥራ ቦታ፣ ሲዊችቦርዱን ከእኔ ጋር በፈረቃ ለምትይዘው ባልደረባዬ አወራሁላት። የስሜን ነገር አልነገርኳትም፣ ያን ያህል ጅል አልነበርኩም። አንድ ጆሮዬ ነጋዴና በቅሎ ሲሰማ በሌላው ሙሉ ንግግር አልፎ አንዲት ቃል አለመያዜን ግን እየሳቅሁ ነገርኳት። ሳቀች። ከእሷ ወደ ማን እንደሄደ አላውቅም። እሷ ትሁን አጠገባችን የነበረው ተላላኪ ይሁን እስከዛሬ አላወቅሁም፤ እሷን ተጠራጥሬ ለሁለት ወር ያህል ደህና አድርጌ ሰላም ሳልላት መቆየቴ ግን ይቆጨኛል።

ሐሙስ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ከእኔ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቀድሞ የገጠር አስተማሪ ነበር ይባላል። አይጮህም። መቀመጫ ሰጠኝ።

"ጓዲት፣ ንግግሩን አልሰማሁም ብለሻል ይባላል።"

"በክበብ ሰምቻለሁ ጓድ።"

"በማዳመጫውስ?"

"በማዳመጫው... ሌላ ነገር እየደገምኩ ነበር።"

"ምን ይላል ንግግሩ?"

አፌን ስከፍት አንድ አረፍተ ነገር ወጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በተሰማራበት የሥራ መስክ ሌት ተቀን ነቅቶ፣ እያልኩ ጀመርኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ካድሬው አብሮኝ እየተናገረ ጨረሰልኝ።

"እንግዲያው ሰምተሻል" አለ።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በእውነት ግራ ገብቶኝ ስለነበር፣ "ከየት እንደሰማሁት ግን አላውቅም ጓድ" አልኩት።

"እንዴት አታውቂም?"

"በክበቡ ይሁን፣ በሬዲዮ ይሁን፣ በማዳመጫው ይሁን መለየት አልቻልኩም።"

ለጥቂት ጊዜ አየኝ። እየቀለድኩበት እንዳልሆነ ያወቀ ይመስለኛል፤ እሱም ግራ ተጋባ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ "እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ" አለ። "ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ በያቸው። በዚያው ካሴት ይሞክሩኝ።"

ማታ ሳልቆይ መምህሩ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ካድሬው አልነበረም። "አረፍተ ነገሩን ቃል በቃል አልሽው? እሁድ ግን ምንም አልሰማሁም ብለሽኝ ነበር" አሉ። ደብተራቸውን ሊያመጡ ተነሱ።

"ልጅቷ ሰውዬው ሊመጣ ነው እያለችህ ነው እኮ" አሉ ባለቤታቸው።

ቁጭ አሉ። ከዚያ ሦስታችንም ስንመካከር አመሸን። ካሴቱ ላይ ያለውን ስሜን ብንሰርዘው ቦታው ላይ ንግግሩ ተቆርጦ ጸጥታ ይመጣል፤ ጸጥታ ደግሞ ከስም ይልቅ ይሰማል አሉ መምህሩ። ሌላ ካሴት ለመዋስ ምክንያት መስጠት ያስፈልጋል። ባለቤታቸው ቴፑ ተበላሽቷል በለው አሉ፤ መምህሩ፣ "ተበላሽቷል ካልኩት የደበቅነው ነገር አለ ይላል። ስሙ የእሱ አይደለም። የራስ ስም ካልሆነ አይሰማም፣ መጽሐፉ እንደሱ ነው የሚለው" አሉ።

"መጽሐፉ ከተሳሳተስ?" አሉ ባለቤታቸው።

መምህሩ ካሴቱን አንስተው አገላበጡት።

ቅዳሜ ካድሬው በሰዓቱ መጣ። ብቻውን ነበር። ቤቱን አመስግኖ፣ ባለቤታቸውን "እንዴት ዋሉ እትዬ" ብሎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንዳልቀር ስለነገረኝ እኔም በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። መምህሩ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረጉለትና ሁለቱን ቴፕ ባንድ ጊዜ ተጫኑ።

ካድሬው መድገም ጀመረ። ድምፁ የአስተማሪ ድምፅ ነው፣ ነጋዴውን ጥሩ አድርጎ ያዘው። እኔ ማዳመጫው ውስጥ ያለው አይሰማኝም፤ ስለዚህ ንግግሩ የት እንደደረሰ የማውቀው ከበቅሎዋ ነው። ስሜን የሰማሁት በቅሎዋ ወንዙን ተሻግራ ጨው ሲራገፍ ነበር። "በቅሎዋም ወደ ወንዙ ወረደች" አለ ካድሬው። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መምህሩ የቴፑ ማቆሚያ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ካድሬው አያቸውና ይቀጥል በሚል እጁን አወዛወዘ። "ውኃው እስከ ሆዷ ደረሰ" አለ። "ነጋዴውም ጨዉን..." አለና ቆመ።

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኝ አላውቅም፤ ያኔ ረጅም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ቴፑ ዞረና፣ "...ጨዉን ከጀርባዋ ማራገፍ ጀመረ" ብሎ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ደገመው።

ማዳመጫውን አውልቆ፣ "ሁለቱንም ሰምቻለሁ" አለ። ንግግሩንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይለው ገባ፣ ገጽ ሙሉ ያህል ሳይደናቀፍ አለው። የትም ቦታ ላይ የእኔን ስም አላስገባም።

"ትክክል ነው ጓድ" አሉ መምህሩ።

"ስለዚህ ሰው ከነቃ ሁለቱንም መስማት ይችላል ብለው ይጻፉ።"

"እጽፋለሁ።"

ሻይ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። የውጭው በር ሲዘጋ ባለቤታቸው የንግግሩን ካሴት ከቴፑ አወጡ፣ ክሩን በጣታቸው እየሳቡ ዘረገፉት፣ ጓዳ ወስደው ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተቱት። የፕላስቲክ ሽታው እኛ ቤት ድረስ ደርሶ እናቴ ምን ተቃጠለ ብላ በአጥር ጠየቀች። ለክበቡ፣ ቴፑ ክሩን በላው ተባለ። በዚያ ዘመን ቴፕ ካሴት መብላቱ የየቀን ነገር ስለነበር ማንም አልጠየቀም።

መምህሩ ግን እፎይ አላሉም። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ "አንድ ነገር አልገባኝም" አሉኝ። "የራሱ ስም ስላልሆነ አልሰማም እንበል። ግን ንግግሩን በቃሉ ያውቀዋል። በቃልሽ የምታውቂው ነገር መሀል የማይሆን ቃል ቢገባ ጆሮሽን አይቆረቁረውም? ወይስ ንግግሩን ጭራሽ አላዳመጠም፣ የነገረን የሚያውቀውን ነው?"

"ጨዉን ካለ በኋላ ቆሟል ጋሼ። እኔን አይቶኛል።"

"አይቻለሁ።"

"ሰምቶ ይሆን?"

"ሰምቶ ቢሆን ዝም ይለን ነበር?" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ዝምም ሊለን ይችላል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልሞከሩም። ማዳመጫውን ፈታትተው ሽቦውን ለሬዲዮ አንቴና አዋሉት። ሦስት ወር ያህል አልፎ በክፍለ ሀገር ባለ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ እንዲያስተምሩ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው። ሰፈሩ ቅጣት ነው አለ። እናቴ ሹመት ነው አለች፣ ደብዳቤው ኃላፊ ሆነው ነው ይላል ተብሏልና። ልሰናበታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው፣ "እኔም አላወቅሁትም" አሉኝ። እየሸሸጉኝ አልነበረም። ባለቤታቸው ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ እዚህ እንዲቆዩ ተስማሙና መምህሩ ብቻቸውን በአውቶቡስ ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ካድሬው ወደ ሲዊችቦርዱ ክፍል ብቅ ያለው። መስመር ጠይቆኝ፣ መስመሩ ተይዞ ስለነበር ቆሞ ጠበቀ። እየጠበቀ ሳለ፣ እንዲሁ ወሬ ለማንሳት ያህል፣ "የዚያን ቀን ሰውዬው ቤት ማን ነበር የጠራሽ?" አለኝ።

"መቼ ጓድ?"

"በቅሎዋ ወንዝ ስትሻገር። አንድ ሰው በስምሽ የጠራሽ መሰለኝ። ትነሻለሽ ብዬ አየሁሽ፣ አንቺ ግን ዝም ብለሽ ተቀምጠሻል።"

እጄ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። "እናቴ ትሆናለች" አልኩ። "አጥር ላይ ሆና ትጠራኛለች።"

"የወንድ ድምፅ መሰለኝ" አለና ትከሻውን ነቀነቀ። መስመሩ ተለቀቀ፣ አገናኘሁት።

ያን ቀን ስንት ጥሪ እንዳሳሳትኩ አላውቅም። ሰምቶታል፤ ግን ከንግግሩ ውስጥ መሆኑን አልሰማም። ስሜን ወስዶ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦታል፣ እኔን ደግሞ ለምን አትነሳም ብሎ አይቶኛል። የራሱ ስም እንኳ አልነበረም። መምህሩ ቢሰሙ እንዴት እንደሚሆኑ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ ደብተር ፍለጋ ሲነሱ ሁሉ። ልጽፍላቸው ወረቀት አወጣሁ። ደብዳቤ ይከፈታል ይባል ነበር፣ ስለዚህ "ያ ነጋዴ ጨዉን ሲያራግፍ ሌላም ሰው ስሜን ሰምቷል" ብዬ ጻፍኩና ሳነበው ይህ ራሱ ከምንም በላይ የምሥጢር መልእክት መሰለኝ። ቀደድኩት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የባለቤታቸው ዕቃ በኪራይ መኪና ሊጫን መጣ። ፍራሽና ሳጥን እያቀበልኩ ጠጋ ብዬ በጆሮአቸው ነገርኳቸው። ሳጥኑን እንደያዙ ቆመው ሰሙኝ። መጀመሪያ ፊታቸው ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሊስቁ ፈለጉ መሰለኝ።

"ብነግረው እንደገና ይጀምራል" አሉ።

"አይንገሯቸው እንግዲያው።"

"ባልነግረው ደግሞ በመጽሐፉ እንዳመነ ሊያስተምር ነው፣ ልጆቹም እንደሱ ሊያምኑ ነው።" ሳጥኑን ለሹፌሩ አቀበሉት። "እኔ እንጃ ልጄ" አሉ፣ ሳሙኝ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ።

መኪናው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ታጠፈ። ይንገሯቸው አይንገሯቸው አላወቅሁም። ቤቱን ቀበሌው በሳምንቱ ለጎማ ጥገና ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ሰጠው፤ ልጆቻቸው አምስት ነበሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚያወሩ።